ዶሮዋ ትበላለች

ርዕሱን እንዴት አነበባችሁት? አላልታችሁ ካነበባችሁት ዶሮዋ ጥሬዋን እየለቀመች ነው። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ግን ድስቱ ተጥዷል፣ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። ፊደሉ ያው ነው። ልዩነቱ አፋችሁ ውስጥ ነው ያለው።

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዤ አራት ወር ተቀምጫለሁ። ቀልዴን አይደለም። የልጆች መጽሐፍ እጽፋለሁ። አሁን እጄ ላይ ያለው ባለ 24 ገጽ ነው፤ ቃሉ ሁሉ ተቆጥሮ 300 አይሞላም። ሥራውን የማያውቅ ሰው «300 ቃል? እሱማ የአንድ ቀን ሥራ ነው» ይለኛል። ትንሽ የሚያውቀኝ ደግሞ «ትልቅ መጽሐፍ የምትጽፊው መቼ ነው?» ይለኛል። ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ገበያ ወርጄ አንዲት ቄብ ዶሮ ገዛሁ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ እግሯን በሲባጎ አሰርኳት፤ ውሃ በጣሳ፣ ጥሬ በክዳን አስቀመጥኩላት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ዶሮ የሚገዛው ቅዳሜ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ባለችበት ቤት ዶሮ ሁለት ቀን አይቀመጥም። ዓርብ ጠዋት ስነሳ ስም ወጥቶላት ጠበቀኝ። እትዬ ኮኮ።

የበዓል ዋዜማ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። በአንድ እጇ ዶሮ፣ በሌላው ቢላ የያዘች ሴት ሁሉ የሚያርድላት ወንድ ፍለጋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የኛን ብሎክ ዶሮ የሚያርዱት አንደኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛው ጋሼ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደርሶ አራት ፎቅ ወጡ። ሊፍት የለንም። እያለከለኩ ገቡና «የታለች?» አሉ።

ልጄ የበረንዳውን በር በጀርባዋ ዘግታ ቆማለች።

«ጋሼ፣ አሁን አይሆንም። ትበላለች» አለቻቸው።

«አዎ እንጂ የኔ ልጅ፣ ትበላለች!» አሉ ጋሼ ቢላቸውን እያሳዩ።

ሁለቱም አንድ ቃል ተናገሩ። ሁለቱም የተስማሙ መሰላቸው። እኔ ግድግዳውን ይዤ ሳቅሁ፤ ሳቄ ሲያባራ ደብተሬን ፈለግሁ።

የዚያን ፋሲካ አሥራ ሁለት ብልት የሌለበት ዶሮ ወጥ በላን፤ ቁሌት በእንቁላል። ለበዓል ከደብረ ብርሃን የመጣችው እናቴ አንድ ቃል ሳትተነፍስ በላችና ሲያበቃ «እኔም በልጅነቴ ለዶሮ ስም አወጣ ነበር» አለች። ልጄ ፊቷ በራ። «ሁሉም ተበልተዋል» ብላ ጨረሰች እናቴ። ማክሰኞ ወደ አገሯ ስትመለስ ግን እትዬ ኮኮን በካርቶን አድርጋ፣ አየር ማስገቢያ በቢላ በስታ ይዛት ሄደች። «በረንዳ ላይ ዶሮ አይኖርም» ነው ያለችው። ርኅራኄዋን ሁሌ በቁጣ ጠቅልላ ነው የምታወጣው።

መጽሐፉ እንዲህ ተወለደ። አንዲት ልጅ አለች፣ አንዲት ዶሮ አለች፣ በዓል እየደረሰ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ፤ ርዕሱ ላይ ያነበባችሁት። ዶሮዋ ምን እንደምትሆን የሚወስነው ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ነው።

ሰዋስው ለሚወድ አንባቢ ትንሽ ላክል። «በላ» ተደራጊ ሲሆን «ተበላ» ይባላል። «ትበላለች» ስንል ግን ያቺ «ተ» የለችም። ጠፍታም አልጠፋችም፤ ቀጥላ ያለችውን «በ» አጥብቃ ነው የሄደችው። በአጭሩ፣ «ተ» ራሷ ትበላለች። (እዚህ ጋ አጥብቁት።) አንዳንድ የቋንቋ መጽሐፍ ላይ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጉለታል። እኛ በዕለት ተዕለት ጽሑፋችን አናደርግም። ትልቅ ሰው አይቸገርም፤ ዓይኑ ወደፊት ሮጦ ነገሩን አይቶ ይመለሳል። ፊደል በፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ ግን «ገና» የሚል ቃል ሲያገኝ በዓሉ ይሁን ጊዜው አልደረሰም ማለት ይሁን በምን ያውቃል? «አለ» የሚለውስ? «ጅቡ አለ» ብዬ ገጹን ብጨርሰው ጅቡ ተናገረ ወይስ ጅቡ እዚህ አለ? ሁለተኛው ለሚያነበው ልጅ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ሥራዬ ጽሑፍ ይባላል እንጂ ግማሹ ወሬ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት እነሳለሁ። መንደሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ልጄ ተኝታለች፣ ቡና አፈላለሁ። ከዚያ ብቻዬን አወራለሁ። አንዲቱን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ፣ እየተንጎራደድኩ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ላይ ጸሎት መስሏቸው ያከብሩኝ ነበር። አሁን አውቀዋል። አንድ ተኩል ላይ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ እንጀራዬ እገባለሁ፤ የሰው ሪፖርት አርማለሁ። «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን ሐረግ በቀን ሃያ ጊዜ እሰርዛለሁ። ጠዋት ዶሮ፣ ከሰዓት ሪፖርት። የልጆች መጽሐፍ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ቢበዛ የመብራት ይከፍላል።

ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ቅዳሜን ነው። 4 ሰዓት ላይ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ያለው ደረጃ ላይ የብሎካችን ልጆች ይሰበሰባሉ። አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ አሥራ ሁለት። ፈንዲሻ አቀርባለሁ፤ ጉቦ ነው፣ አልክድም። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ብለው ይጮኻሉ፤ ደረጃው ያስተጋባል። ከዚያ ረቂቄን አነባለሁ። የእነሱን ፊት አላይም፤ እግራቸውን ነው የማየው። ጫማ ሲሚንቶውን መፋቅ ሲጀምር እርሳሴን አውጥቼ እዚያ መስመር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ቤት ስገባ ይሰረዛል። ከዚህ የተሻለ አርታዒ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ቅዳሜ እንደ ወጉ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብዬ ጨረስኩ። ከሁሉም የሚያንሰው ማሙሽ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ የቁርስ ዳቦውን ግማሽ ይዞ ተመለሰና አፌ ላይ ጠረገልኝ። ከዚያ በኋላ አባባሉን ስጠቀም ጠንቀቅ እላለሁ።

ይህን የማንበብ ነገር ከየት አመጣሁት ብዬ ሳስብ የሚመጡልኝ አባባ ተስፋዬ ናቸው። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ጎረቤት ሄደን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ነበር የምናያቸው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ ሳጥኑ የሚሰማ ይመስል በአንድ ድምፅ እንመልስላቸው ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነግረው በ2009 ነው ያረፉት። ትልቅ ሰው ሆኜ ታሪካቸውን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። በወጣትነታቸው፣ ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን፣ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይተውኑ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ድምፅ በከንቱ አልመጣም! እመት ጦጢትን ሲሆኑ ጦጢት ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን ዝም ማለት ይችሉበት ነበር። ጅቡ በሩን ከመክፈቱ በፊት ዝም ይላሉ፤ እኛ ምንጣፉን እንጨብጣለን።

ያንን ዝምታ ወረቀት ላይ እንዴት ይጽፉታል? እስካሁን ያገኘሁት አንድ ዘዴ ገጽ ማስገልበጥ ነው። አስፈሪው ነገር ሁልጊዜ ከገጹ ጀርባ ይሁን። እዚህ ላይ ማተሚያ ቤቱ ይመጣል። መሃሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በአራት የሚካፈል መሆን አለበት። 24 ገጽ የሆነው በጥበብ ተመርቼ አይደለም፤ 28 ለማድረግ ገንዘቡ ስለሌለኝ ነው። ባለቀለም መጽሐፍ የሚታተምበት ወረቀት ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ፕሮፎርማ ለመቀበል ሄጄ «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ብቻ ነው» ተብዬ አውቃለሁ። ያኔ ረቡዕ ነበር። ሌላውን ብዙ አላወራም፤ የወረቀት ዋጋ ወሬ ከተጀመረ አያልቅም።

ሰዓሊዬ ወጣት ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። መጀመሪያ የላከልኝ ንድፍ ላይ ግን ጎጆ ቤት፣ ዋርካ፣ ጥበብ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ነበረች። «ይህቺ ልጅ እኮ ጀሞ ናት» አልኩት። ሳህን መሳይ ዲሾች፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ደረጃ ላይ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን እንዲስልልኝ ለመንኩት። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ ልጆቻችን ከ«ሀ ሁ» በፊት የሚያውቁት ቅርጽ ጀሪካን ነው። «እትዬ፣ እንዲህ ሲሆን እኮ ተረት አይመስልም» አለኝ። ለሁለት ሳምንት ተኳረፍን ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ቀን በቴሌግራም ሥዕል ላከ። ጀሪካኖቹ ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል፤ ዶሮዋ የመጨረሻው ጀሪካን ላይ ቆማ እንደ አለቃ ታያቸዋለች። ምንም አልጻፈም። እኔም ምንም አልጻፍኩም፤ ልብ ብቻ ላክሁለት።

የመጨረሻው ገጽ ሥዕል የባሰ አደከመን። ዶሮዋን ጥሬ ስትለቅም ከሳላት ወስኗል። ድስት ከሳለ ወስኗል። ፈገግ ያለች ልጅ ብትኖርም ወስኗል። አሥራ አንድ ንድፍ ላከልኝ። የተስማማነው ዶሮዋ የኩሽናው መስኮት ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ ነው። እኛ የምናየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ውስጡ እንፋሎት አለ። የምን እንፋሎት እንደሆነ አይታወቅም፤ የሻይም ሊሆን ይችላል።

አርታዒዬ ሲያየው «ዶሮዋ እህል ትበላለች ብትዪውስ? ግልጽ ይሆናል» አለኝ። ግልጽ ይሆናል፤ መጽሐፉም ይሞታል። እሱ እንኳ በቀላሉ ተመለሰ። የማይመለሱት ገዢዎቹ ናቸው። «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ይሉኛል፣ መጽሐፉን ሳይገልጡ ጀርባውን እያዩ። አንድ ጊዜ አሸንፈውኛል። አንድ ትምህርት ቤት 200 ኮፒ ሊገዛኝ ሲል መጨረሻው ላይ «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የሚል ገጽ ከነሦስት ጥያቄው ጨምሪ አለኝ። ጨመርኩ። ያንን መጽሐፍ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ሳነብ፣ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ልጆቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ፈተና መስሏቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ ፈተና ነበር። ገንዘቡ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ሸፍኗል፤ ቢሆንም ያንን ገጽ ባየሁት ቁጥር ፊቴ ይሞቃል።

ከሥራ ውጪ ምን ታደርጊያለሽ የሚለኝ ሰው ካለ፣ ሁለት ሱስ አለብኝ።

አንደኛው አሮጌ መጽሐፍ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ዳር የሚዘረጉት ጋ ሄጄ እቆማለሁ። የምፈልገው በደርግ ጊዜ ሞስኮ ታትመው ይመጡ የነበሩትን የአማርኛ የልጆች መጽሐፎች ነው። ወረቀታቸው ወፍራም፣ ቀለማቸው ድምቅ ያለ፣ ድብና በረዶ የሞላባቸው። እኔ በልጅነቴ የማውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው፣ የጎመን ቅጠል የሚበሳው ነበር። እና ድቧ በበረዶ ውስጥ ስትሄድ የሚለውን ሳነብ አናቷ እንዴት እንዳልተፈነከተ ይገርመኝ ነበር። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ሥዕሉም ትክክል ነበር፤ መሃላቸው እኔ ግራ ገብቶኝ ቁጭ ብያለሁ። ይህንን የማስታውሰው «ምጣድ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ነው። የደረጃው ልጆች ምጣድ ሲባል ባለ ሶኬቱን ነው የሚያስቡት።

ሁለተኛው ሱሴ እንቆቅልሽ ነው። ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ፤ አብዛኛው ከእናቴ አፍ የተቀዳ ነው። «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ «ምን አውቅልሽ» እላለሁ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ ናት፤ ይህችን ሁሉም ያውቃታል። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ አገር የሰጠውን ሰው እንደ ልቡ ሰድቦ መልሱን ይናገራል። እኛ ልጆች ሆነን የምንሰጠው ጎንደርን ነበር፣ ሐረርን ነበር። ደረጃው ላይ ያሉት ዱባይን ይሰጡኛል፤ አሜሪካን ይሰጡኛል። አንዷ ሚጢ አልመለሰችም፤ «አገር ስጪኝ» ስላት ዙሪያዋን አየች። «ጀሞን ስጪኝ» አልኳት። «ጀሞን አልሰጥም፣ ቤታችን ነው» አለች። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። መጽሐፍ ይሁን አይሁን ገና አላወቅሁም። (ላልቶ።)

ደብተሮቹ ውስጥ ሌላም ነገር ይገባል። ልጄ ስትጽፍ «የቱ ሀ?» ትለኛለች። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። ትልልቆቹ በዚህ ይጣላሉ፤ አንድ አባት ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጻፍሽ ብለው መጽሐፍ መልሰውልኛል። ልጄ ግን ፊደሎቹ ሰዎች መስለዋታል። ንጉሡ ሠ ለምን እሳቱን ሰ አያገባትም ብላ ጠይቃኛለች።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሯል። ከኔ ልጅ በተሻለ ፊደል ይለያል፤ የሚያነበውን ግን ግማሹን አይሰማውም። ረቂቁን ልኬለት በቪዲዮ አነበበልኝ። ሁሉንም ፊደል እኩል፣ አንድም ሳያጠብቅ፣ እንደ ቁጥር። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ት፣በ፣ላ፣ለ፣ች» አለና ቀና ብሎ አየኝ። በየትኛውም አላነበበውም። ዶሮዋ አልበላችም፣ አልተበላችም።

ለሱ ብዬ መጽሐፉን በድምፅ ቀዳሁት። ሌሊት፣ ውሻ ሲተኛ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ጋቢ ለብሼ። ጋቢ ማስተጋባቱን ያጠፋዋል፤ ስቱዲዮ ያላቸው አይስቁብኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አላነበብኩትም። በማግሥቱ ልጁ ደወለ፤ «አክስቴ፣ ድምፁ አለቀ» አለኝ። «የቀረውን እናትህ ታንብብልህ» አልኩት። እህቴ ከጀርባ ስትስቅ ይሰማኛል። በየትኛው እንዳነበበችለት አልጠየቅሁም።

እትዬ ኮኮ ደብረ ብርሃን ናት። እናቴ ስትደውል ልጄ ስልኩን ትነጥቀኛለች፤ ሌላ ጥያቄ የላትም። ትናንት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ደወለች፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«እማማ፣ እትዬ ኮኮስ?»

«አለች። እንቁላል ጀምራለች። ት...ላለች።»

መሃሉን ኔትወርኩ ዋጠው። ልጄ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችኝ።

«ላልቶ ነው?» አለችኝ።

«መልሰሽ ጠይቂያት» አልኳት። መስመሩ ግን ተቋርጧል፤ ልጄ መልሳ መላልሳ ትደውላለች።